ያላየሁት ዓሣ ነባሪ

በባሕር ዳርቻ መኖርና ባሕር ማየት ለየቅል መሆናቸው የሚገባችሁ እንግዳ ሲመጣባችሁ ነው። እኔ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ስኖር ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም። ከቤቴ እስከ ውሃው በመኪና አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ደረቴን ነፍቼ "ባሕሩን አየሁት" የምልበት አንድ ቀን አላገኘሁም። ሥራዬ ወደብ ላይ ነው፤ ከመርከብ የወረደ ኮንቴይነር በከባድ መኪና እየጎተትኩ ወደ መጋዘን አደርሳለሁ። ወደብ የሚሠራ ሰው ሲባል ጠዋት ማታ ማዕበል እያየ የሚውል ይመስላችሁ ይሆናል። የሚያየው ከፊቱ የተሰለፈውን መኪና የኋላ መብራት ነው። ባሕሩ ከኮንቴይነሩ ክምር ጀርባ አለ ይባላል፤ እኔም እንደ መንግሥተ ሰማያት ሳላይ አምኜ ተቀብዬዋለሁ።

እንዲያውም አንድ ቀን ዳውንታውን ኦክላንድ መንገድ ዳር ቆሜ ሳለሁ፣ ቱሪስት የሚመስሉ ባልና ሚስት ጠጋ ብለው እዚህ አካባቢ ምን የሚታይ ነገር እንዳለ ጠየቁኝ። ቀጥ ብላችሁ ሂዱ አልኳቸው። እዚህ አገር ቀጥ ብሎ የሄደ ሰው መጨረሻው ወይ ፍሪዌይ የሚሉት አውራ ጎዳና ነው ወይ ባሕር፤ ሁለቱም ይታያሉ ብዬ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዳ አስጎብኝ የተባለው።

እንግዳው እንግዳ ብቻ ቢሆኑ ደግሞ ጥሩ ነበር። ሰብለ የምትባል ሳን ሆዜ የምትኖር ነርስ አለች፤ ልንጋባ ተስማምተናል። የቀረን የአባቷ ፈቃድ ነው። አባቷ ጋሽ ዘውዴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር ነው። ልጃቸውን ለመጠየቅና በዚያውም እኔን ለማየት ሳን ሆዜ ከመጡ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። ሽማግሌ መላክ የምችለው እሳቸው "ይላክ" ካሉ ብቻ ነው። እሳቸው ደግሞ የተማሪን ውጤት ቶሎ የሚናገሩ ሰው አይደሉም።

ጣጣው የተጀመረው ግን እሳቸው አውሮፕላን ከመሳፈራቸው በፊት ነው። ሰብለ በስልክ ስለ እኔ ስትነግራቸው "ወደብ ነው የሚሠራው" አለቻቸው። መርከብ ላይ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ኔትወርኩ ይቆራረጥ ስለነበር እሷም "እዚያው አካባቢ ነው" ብላ አለፈችው። ደብረ ማርቆስ በዚህች "እዚያው አካባቢ" በምትባል ቃል ላይ አንድ ሙሉ መርከብ ሠራች፤ እኔንም ካፒቴን አድርጋ ሾመችኝ። ባሕር የሌለው አገር ሰው ባሕረኛ አማች ሲያገኝ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጋሽ ዘውዴ ለጡረተኛ መምህራኑ፣ ለዕድሩ፣ ለንስሐ አባታቸው ሳይቀር አውርተው ኖሯል የመጡት።

ኤርፖርት ስቀበላቸው እጄን ጨብጠው በመጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ጤናዬ አልነበረም።

"ባሕሩ እንዴት ሰነበተ?" አሉኝ።

እዚያው ላይ፣ ጋሼ እኔ የመኪና ሾፌር ነኝ ማለት ነበረብኝ። ለመናገር አምስት ሰኮንድ አይፈጅም። አፌ ግን እኔን ሳያማክር "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ረጋ ብሏል" አለ።

ውሸት እንደ ኮንቴይነር ነው፤ አንዱን አነሣሁ ስትሉ ከሥሩ ሌላ አለ። እራት ላይ የመርከቤን ርዝመት ጠየቁኝ፤ የተሳቢዬን ርዝመት በአሥር አባዝቼ ነገርኳቸው። ማዕበል ሲነሣ ምን እንደማደርግ ጠየቁኝ፤ ፍጥነት ቀንሼ መብራት አበራለሁ አልኳቸው። ሌሊት አቅጣጫውን በከዋክብት ነው የምትለየው ወይ ሲሉኝ ደግሞ፣ አሁን እንኳ ስልኬ ላይ ነው የማየው አልኩ፤ ይኼኛው በአጋጣሚ እውነት ነበር። ሰብለ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን እየረገጠች ጫማዬን አጠፋችው። ጋሽ ዘውዴ ግን በመልሶቼ ሁሉ ራሳቸውን ቀስ አድርገው ይነቀንቃሉ። መምህር ራሱን ሲነቀንቅ ልክ ነህ ማለቱ ይሁን ጉድህ ፈላ ማለቱ፣ እስከ ዛሬ የለየለት ተማሪ የለም።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደብ በር ላይ ተሰልፌ ሳለሁ ሰብለ ደወለች። ነገ ቀኑን ሙሉ ሥራ እንዳላት፣ አባቷን ይዤ ሳን ፍራንሲስኮ እንድሄድና ባሕሩን፣ ዝነኛውን ቀይ ድልድይ፣ ሊታይ የሚገባውን ሁሉ እንዳሳያቸው ነገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣

"እግረ መንገድህን ትነግራቸዋለህ" አለች። "ከሥራ ስወጣ ኮል አደርግሃለሁ። እስከዚያ ካልነገርካቸው እኔው እነግራቸዋለሁ።"

ነገሩን አሰብኩት። እሷ ከነገረቻቸው ውሸታምም ፈሪም ሆኜ መቅረቴ ነው። እኔ ከነገርኳቸው ውሸታም ብቻ። አንድ ስም ማትረፍ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኔው እነግራቸዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ሰልፉ አልንቀሳቀስ ሲል ስልኬን አውጥቼ እንግዳ ምን እንደሚያሳዩት ፈለግኩ። በዚህች የባሕር ዳርቻ ከተማ ሳያደርጉ መሄድ የሌለብዎት አሥር ነገሮች የሚል ዝርዝር አገኘሁ። ዘጠኙን አድርጌያቸው አላውቅም። አሥረኛው "ትራፊክ እንዳይዝዎ በጠዋት ይነሡ" የሚል ነበር። ከዝርዝሩ መካከል የጀልባ ጉዞ አየሁ፤ ፎቶው ላይ ቀዩ ድልድይ አለ፣ ከሥሩ ነጭ ጀልባ አለች፣ ጀልባዋ ላይ የሚስቁ ሰዎች አሉ። ከድልድዩ ሥር ዞር ዞር አድርገው ባንድ ሰዓት የሚመልሱ መሰለኝ። ከሥር የተጻፈውን ላነብ ስል ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ ከኋላዬ ያለው ሾፌር ክላክሱን አምባረቀው። ሁለት ቲኬት ብዬ ተጫንኩና ማርሽ አስገባሁ። በሕይወቴ የፈረምኩትን ውል ሁሉ በዚሁ መንገድ ነው የፈረምኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሳን ሆዜ ስደርስ ፀሐይዋ ገና በጠዋቱ ታቃጥላለች። ወሩ ሐምሌ ነው፤ አሜሪካኖቹ በጋ የሚሉት። እኔ አጭር እጅጌ ሸሚዝ ለብሻለሁ። ጋሽ ዘውዴ ወፍራም ካፖርት፣ ባርኔጣ፣ ከዘራና አንዲት የማስታወሻ ደብተር ይዘው ወጡ። ልብስህ ይኸው ነው ወይ አሉኝ። ይበቃኛል አልኩ። የባሕር ሰው ብርዱን ለምዶታል አሉና ገቡ። እኔ በሆዴ፣ ይህ ሽማግሌ በሐምሌ ፀሐይ ካፖርት ለብሶ ሊቀቀል ነው እላለሁ።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ መኪናዬን አቁሜ በሩን ከፈትኩ፤ ብርዱ በሩን መልሶ ዘጋው። ሳን ፍራንሲስኮ በጋ የላትም ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ዓለሙ ሁሉ በጉም ተሸፍኗል። ሰዉ ሁሉ ካሜራውን ወደ ነጩ ነገር ደግኖ ቆሟል።

ጋሽ ዘውዴ ድልድዩ የት እንዳለ ጠየቁኝ። እዚህ ጋ ነው ብዬ በእጄ ወደ ጉሙ አመለከትኩ። ትንሽ አዩና ርዝመቱ ምን ያህል ነው አሉኝ። ከዚህ ተነሥቶ እዚያ ማዶ ይደርሳል አልኳቸው። በደብተራቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው ጉሙ ለምን እንደመጣ ያስረዱኝ ጀመር፤ ከታች የሚመጣው የባሕር ውሃ ቀዝቃዛ ነው፣ ከላይ ያለው አየር ሞቃት ነው፣ ሲገናኙ እንዲህ ይሆናል። በከዘራቸው መሬት ላይ ሥዕል ሣሉ። ዙሪያችን የቆሙት ቱሪስቶች ጠጋ ጠጋ አሉ። ጋሼ እንግሊዝኛቸው የመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው፤ ቃሉን አንድ ባንድ እየቆጠሩ ነው የሚያወጡት፤ ግን ሰው ሁሉ ገባው። አንዲት ሴትዮ ጥያቄ ስትጠይቅ እጇን አወጣች። እኔ መሐል ላይ በአጭር እጅጌ እየተንቀጠቀጥኩ እንደ ምሳሌ ቆሜያለሁ።

ከዚያ ወደ ወደቡ ዳር፣ ሱቁና ምግብ ቤቱ ወደሚበዛበት ሰፈር ሄድን። ሹራብ ልገዛ ገባሁ። እንደ እኔ ያለ ሞኝ በየቀኑ ስለሚመጣ ሹራብ የሚሸጥ ሱቅ ሞልቷል፤ ግን ብዙ ሞኝ ቀድሞኝ ኖሮ በልኬ የተረፈው አንድ ብቻ ነበር። ደማቅ ቢጫ ነው፤ ደረቱ ላይ መነጽር ያደረገ ትልቅ ቀይ ሸርጣን ተሥሎበታል። ጋሽ ዘውዴ ሸርጣኑን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

የባሕር አንበሳ የሚባሉት ወፋፍራም የውሃ እንስሳት ከዚያ ቅርብ ናቸው። ውሃው ላይ በተዘረጋ የእንጨት መደብ ላይ እርስ በርስ ተደራርበው ይተኛሉ። አንዱ ይነቃና ይጮኻል፤ ጎረቤቱ ለምን ቀሰቀስከኝ ብሎ ይጮኻል፤ ሁሉም ይጮኹና ተመልሰው ይተኛሉ። ጋሽ ዘውዴ ሥራቸው ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። ምንም አይሠሩም፤ ሰው እየመጣ ያያቸዋል እንጂ አልኳቸው። ረጅም ጊዜ ቆመው ከተመለከቱ በኋላ፣ እንዲህ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት አውቅ ነበር፤ ልዩነቱ እነዚህ ሽታቸው መባሱ ነው አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሲስቁ ሳይ አሁን ነው የምነግራቸው አልኩ። የሳቀ ሰው ቶሎ አይቆጣም። የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት አስጠቅልዬ ገዛሁና አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። አንድ ቁራጭ አነሣሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ "ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር" አልኩ። አፌን ለቀጣዩ ቃል ስከፍት አንዲት ነጭ የባሕር ወፍ ከኋላዬ መጥታ ዓሣውን ከጣቶቼ መሐል መንጭቃ ሄደች። ክንፏ በጥፊ አገኘኝ። ወረቀቱ ተበተነ፤ ዘመዶቿ ወረዱ። እኔ ጭንቅላቴን ይዤ አግዳሚው ሥር ስገባ፣ ጋሽ ዘውዴ የራሳቸውን ዓሣ ካፖርታቸው ውስጥ ከተው በጸጥታ እየቆረሱ ይበላሉ። ሁሉም ካለፈ በኋላ፣ ባሕር ላይ እነዚህ ወፎች አያውቁህም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሌላ ወገን ናቸው መሰለኝ አልኩ። ልነግራቸው የነበረው ነገር እንዲሁ ተዋጠ።

ቀትር ላይ ጀልባው ጋ ደረስን። ስልኬን አሳየሁ፤ ገባን። ከፎቶው ጀልባ ጠበቅ ያለ፣ አንድ ሠላሳ ሰው የሚይዝ ነው። ሰዉ ሁሉ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ለብሷል፣ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አንግቷል። ድልድይ ለማየት ይህ ሁሉ ዝግጅት ምንድን ነው ብዬ ገረመኝ። አንዲት አስጎብኚ ማይክሮፎን ይዛ ተነሣች። "ዌል" አለች፤ ቀጥላም "ዌል" አለች። እዚህ አገር ሰው ንግግር ሲጀምር ዌል ማለት ልማዱ ነው፤ ይቺ ሴት ወደ ፍሬ ነገሩ የምትገባው መቼ ነው እያልኩ ጠበቅኩ። ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ከደጋገመችው በኋላ፣ ጋሽ ዘውዴ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሥዕል በከዘራቸው ጠቆሙኝ።

"ዓሣ ነባሪ ልታሳየኝ ነው ለካ" አሉ። ዓሣ ነባሪ በእንግሊዝኛ ዌል መባሉ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን በጠመኔ እየሣሉ ስለ ውቅያኖስ ሲያስተምሩ በዓይናቸው አይተውት እንደማያውቁ፣ ተማሪዎቻቸውም ይህን እንደማያውቁ ነገሩኝ። እኔም ዝርዝሩን ከሥዕሉ ሥር አነበብኩት። ጉዞው አምስት ሰዓት ይፈጃል። ከድልድዩ አልፎ ወደ ውጭው ውቅያኖስ ይዘልቃል። ልውረድ ብዬ ዞር ስል ምድሪቱ ከእኛ ርቃለች።

በድልድዩ ሥር ስናልፍ ሁለት ቀይ እግሮች ከጉሙ ወርደው ውሃው ውስጥ ሲገቡ አየን። ከላይ ያለውን አካል ጉሙ ይዞታል። እስከዚያች ድረስ ደህና ነበርኩ። ድልድዩን እንዳለፍን ግን ውቅያኖሱ ጀልባዋን ከሥሯ አነሣና ለቀቃት። ሆዴ እላይ ቀረ፤ እኔ ወረድኩ። ቀጥሎ ሆዴ ወረደ፤ እኔ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ እኔና ሆዴ አንድ ቦታ ላይ አልተገናኘንም። ኦክላንድ መንገድ ላይ ስንት ጉድጓድ ችዬ ያለፍኩ ሰው ነኝ፤ ጉድጓድ ግን አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ እንዲህ እየተከታተለ አይመጣም።

ጋሽ ዘውዴ ካፖርታቸውን ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን ወደ ታች ስበው፣ ሁለት እግራቸውን ከፈት አድርገው እንደ ተተከለ ምሰሶ ቆመዋል። በየመሐሉ ጥያቄ ይጠይቁኛል። ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ አይደለም ወይ? ነው እላለሁ። ሞገዱ ከሰሞኑ በረታ ወይስ ቀለለ? እኔ ጥርሴን ነክሼ በጣቴ ትንሽ የሚል ምልክት አሳያለሁ። የመርከብ ሰው ጥቂት ነው የሚናገረው ብለው ሳይሆን አይቀርም፣ በአክብሮት ዓይናቸውን ወደ ባሕሩ ይመልሳሉ።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት ቀጥሎ የመጣውን ነው። አስጎብኚዋ እየዞረች ከመካከላችሁ ከዚህ በፊት ባሕር ላይ የወጣ አለ ወይ ብላ ስትጠይቅ፣ ጋሽ ዘውዴ ከዘራቸውን አንሥተው ወደ እኔ አመለከቱና፣ ጥርት ባለ የመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ፣ ይህ ሰው የመርከብ ካፒቴን ነው አሉ።

ሰው ሁሉ ዞሮ ቢጫውን ሹራቤን አየ። አስጎብኚዋ በደስታ ክንዴን ይዛ፣ የእኛ ካፒቴን በጣም ደስ ይለዋል ብላ ወደ መሪው ክፍል ወሰደችኝ። ጋሽ ዘውዴም ተከተሉ። ካፒቴኑ ጢሙ የሸበተ፣ ፊቱ በነፋስ የጠቆረ ሰው ነው። እጄን በአክብሮት ጨበጠና የምን ዓይነት መርከብ ነው የምትነዳው አለኝ።

መልስ ልሰጠው አፌን ከፈትኩ። መልስ አልወጣም። ከጠዋቱ ቁርስ ጀምሮ ያለው ሁሉ በተራው ወጣና የሰውዬው ጫማ ላይ አረፈ። ከዚያ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሊያየው ሲል ሁለተኛው ዙር መጣ።

ካፒቴኑ ጨዋ ሰው ነው። አንድ ባልዲ ሰጠኝ። ጋሽ ዘውዴ በመሐረባቸው አፌን ጠርገው፣ የሹራቤን ማጅራት ይዘው፣ ተማሪ ከክፍል እንደሚያስወጡ ወደ ጀልባዋ ኋላ ወሰዱኝና አስቀመጡኝ። ከባልዲው ቀና ብዬ አየኋቸው። ከዚህ የባሰ ውርደት ስለማይኖር ምላሴ ተፈታ።

"ጋሼ፣ እኔ ካፒቴን አይደለሁም።"

"እሱንስ አየሁት" አሉ።

"መርከብ ላይ ሠርቼ አላውቅም። ወጥቼም አላውቅም፤ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ኮንቴይነር ነው የማመላልሰው።"

ፊታቸው ላይ ምን እንደመጣ ማየት አልቻልኩም፤ ባልዲው ጠራኝ። ቀና ስል፣ ከፊት በኩል አስጎብኚዋ ጮኸች፤ ሰው ሁሉ እየተጋፋ ወደ ግራ ሮጠ። ጋሽ ዘውዴ እኔን አዩ። ወደ ግራ አዩ። እንደገና እኔን አዩ። ከዚያ ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን እሄድ ነበር።

ስለ ዓሣ ነባሪው የማውቀው የሰማሁትን ብቻ ነው። የከባድ መኪና ፍሬን አየር ሲለቅ የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ ልክ እንዲያ ያለ፣ ግን መቶ መኪና ባንድ ጊዜ የለቀቀው የሚመስል ትንፋሽ ሰማሁ። ሰዉ ሁሉ አንድ ላይ "ኦ" አለ። አየዋለሁ ብዬ ተነሣሁ፤ የሠላሳ ሰው ጀርባ አየሁ። ቀጥሎ የትንፋሹ ሽታ ደረሰኝ። ያ እንስሳ የሚበላውን ነገር በሕይወቱ አንድ ቀን ታጥቦ በልቶ አያውቅም። ወደ ባልዲዬ ተመለስኩ። ከዚያም አንዳች ትልቅ ነገር ውሃውን በጥፊ ሲመታ ሰማሁ፤ ሰዉ አጨበጨበ፤ እኔ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ዘነበ። ከዓሣ ነባሪው የደረሰኝ ድርሻ ይኸው ነው፤ ሽታውና ውሃው።

ጋሽ ዘውዴ ሲመለሱ ባርኔጣቸው የለም። ነፋሱ ወስዶታል። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ከጨዋማው ውሃ ይሁን ከሌላ አልጠየቅኩም። ከእኔ ሁለት መቀመጫ ርቀው ተቀመጡና ደብተራቸውን አውጥተው ይጽፉ ጀመር። ወደብ እስክንደርስ ድረስ ጻፉ።  እኔም ሊጽፉት የሚችሉትን ሁሉ በሐሳቤ ስጽፍ መጣሁ፤ ሰብለ እንዴት እንደምታለቅስ፣ ደብረ ማርቆስ እንዴት እንደምትስቅ፣ እኔ እንዴት ብቻዬን እንደማረጅ። ማቅለሽለሹ ለቆኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ቢመለስልኝ በወደድኩ።

የብስ ስንረግጥ ምድሪቱ ገና ትወዛወዝብኛለች። መኪናዬን ያቆምኩት ከምግብ ቤቶቹ ጀርባ ባለ ጠባብ መንገድ ዳር ካለ ፓርኪንግ ነው። ገብተን ልንወጣ ስንል መንገዱ ተዘግቷል። አንድ ምግብ ቤት ዕቃ የሚያደርስ ረጅም ተሳቢ መኪና ወደ ማራገፊያው በር በሪቨርስ ሊገባ ሞክሮ መሐል ላይ ተቀርቅሯል። ተሳቢው ወደ አንድ በኩል፣ የመኪናው ራስ ወደ ሌላ በኩል ታጥፎ፣ መንገዱን እንደ ቁልፍ ቆልፎታል። ከፊትም ከኋላም መኪና ተደርድሮ ክላክስ ያንባርቃል። ሾፌሯ መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ናት፤ ወርዳ ጎማዋን እያየች ትቆማለች፣ ትወጣለች፣ አንድ ክንድ ወደ ኋላ ትሄዳለች፣ የባሰ ይጣመምባታል። 

እኔ ይህን ክላክስ አውቀዋለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ወር ወደብ ላይ ሲጮህብኝ አልቅሻለሁ፤ ይህን ለሰብለ እንኳ አልነገርኳትም። ከመኪናዬ ወረድኩ። ወደ ሴትዮዋ ሄጄ እኔም ሾፌር መሆኔን ነገርኳት። ሥራ ከጀመረች ሁለተኛ ሳምንቷ መሆኑን ነገረችኝ። መጀመሪያ በእጄ ምልክት ላሳያት ሞከርኩ፤ ድንጋጤው ግን መስማት ከለከላት። በመጨረሻ በሩን ከፍታ ወረደችና ወንበሩን በእጇ አሳየችኝ። በቢጫ ሹራብ ላይ መነጽር ያደረገ ሸርጣን ለለበሰ፣ ባሕር ባሕር ለሚሸት ሰው መኪናዋን ማስረከቧ ምን ያህል ቢጨንቃት ነው።

ወጣሁና መሪውን ያዝኩ። ወንበሩ አልተወዛወዘም። እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን፣ ከጠዋት ጀምሮ የማውቀው ነገር ላይ የተቀመጥኩት ያን ጊዜ ነው። ግራና ቀኝ ስፖኪዮውን አየሁ። ከፊቴ ቦታ የለኝም፤ መኪኖቹ አፍንጫዬ ድረስ ተጠግተዋል። ምን ላድርግ ስል አንድ ረጅም ሰው መንገዱ መሐል ገብተው ቆመው አየሁ። ጋሽ ዘውዴ ናቸው። ባርኔጣ በሌለው ራሳቸው፣ ከዘራቸውን እንደ ባንዲራ ዘንግ አንሥተው፣ የፊተኛውን መኪና ወደ ኋላ ሂድ ይሉታል። ሾፌሩ መስኮቱን አውርዶ ሊሳደብ ሲል፣ ተማሪ የሚያዩበትን ዓይን ለቀቁበት። ሰውዬው መስኮቱን ዘግቶ ወደ ኋላ ሄደ። ከኋላው ያሉትም ሄዱ። አንዱ ክላክስ ሊያሰማ ሲል ከዘራው ወደሱ ዞረ፤ እጁን ከመሪው ላይ አነሣ።

ቦታ አገኘሁ። ወደ ፊት ሳብ አድርጌ ተሳቢውን አቃናሁት። ቀስ ብዬ መሪውን ወደ ግራ፣ ትንሽ ቆይቼ ወደ ቀኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቆሜ አስተካከልኩና ከማራገፊያው በር ጋር ሳይነካው ገጠምኩት። ፍሬኑ አየሩን ለቀቀ። ክላክሱ ሁሉ ቆመ። ሴትዮዋ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ከምግብ ቤቱ ጓሮ ሽርጥ ያሰሩ ሁለት ሰዎች አጨበጨቡ። እኔ ስወርድ ጋሽ ዘውዴ ተጠግተው በጎማውና በግድግዳው መካከል የቀረውን ክፍተት በከዘራቸው እየለኩ ነበር።

መኪናችን ውስጥ ገባን። ፍሪዌይ ላይ ወጣን። መንገዱን አጋምሰን ሬድውድ ሲቲ የምትባል ከተማ ልንደርስ ስንል ትራፊኩ ቆመ፤ እሳቸው ደግሞ ጀመሩ።

"ይህን ትችል ኖሮ ስለ መርከብ ምን አስወራህ?"

ጋሼ፣ ከመርከቡ አጠገብ ሲቆም መኪናው ትንሽ መሰለኝ አልኳቸው። ይኼ እንኳ እውነት ነበር። ዕቃው ከመርከብ ወርዶ በእግሩ አይሄድም አሉ። ቀጥለውም፣ ጥሩ ሹፌርነት የውሸት መድኃኒት እንዳይመስልህ፤ መኪናውን ያቆምክበት ሌላ፣ የዋሸኸኝ ሌላ ነው አሉኝ። አዎ አልኩ። ልጄን አንድ ቀን እንዲህ ብትዋሻት በዚህ ከዘራ ነው የምመጣው አሉ። እሱንም አዎ አልኩ። ከዚያ ድምፃቸው ላላ አለና፣ አንድ ጊዜ የአንድ አገር ዋና ከተማ ከተዛወረ በኋላ ሳይሰሙ ሁለት ዓመት የድሮውን ሲያስተምሩ እንደቆዩ፣ ባወቁ ጊዜ ክፍል ለክፍል እየዞሩ ተማሪዎቻቸውን ይቅርታ እንደጠየቁ አወሩኝ። የተሳሳተ መምህር ሰሌዳውን ራሱ ነው የሚያጠፋው፤ ለደብረ ማርቆስም እኔው ደውዬ እነግራለሁ አሉ። ዓሣ ነባሪውን ደግሞ ልጨምርላቸው አሉና፣ ጅራቱ ከውሃው ሲወጣ እንዴት እንደነበር በሁለት እጃቸው አሳዩኝ። እጃቸው የመኪናውን ጣሪያ ነካ።

ይህን እያወሩ ስልኩ ጮኸ። ሰብለ ናት። የመኪናው ድምፅ ማጉያ ራሱ አነሣው፤ እኔ ለማጥፋት ስዳክም እሷ ቀደመችኝ።

"ነገርካቸው?" አለች።

ጋሽ ዘውዴ ወደ ድምፅ ማጉያው ጎንበስ አሉ።

"ነግሮኛል" አሉ።

 ሰብለ በቀጭን ድምፅ፣ አባዬ ምን አሉት ብላ ጠየቀች። ጋሽ ዘውዴ መልሱን ለእሷ አልሰጡም። ወደ እኔ ዞሩ፤ ሸርጣኑን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ ራሳቸውን ቀስ አድርገው ነቀነቁ።

"ሽማግሌዎቹን ላክ" አሉኝ። "በየብስ ይምጡ።"